ያለ ካንዴላ

ሌሊቱን ነፈሰ። የአዳማ ነፋስ መቼም አያርፍም፤
አቧራውን ይዞ በጋራዡ ቆርቆሮ ሥር ሳይገባ አያልፍም።
ሃያ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ክሪክ ላይ ተሰቅሎ፣
ጣሪያው ተገልጦ፣ ሆዱ ተዘርግፎ፣ ሞተሩ መሬት ውሎ፣
ያድራል።

እኔ ነኝ የሰቀልኳቸው፣ ስድስቱን ሲሊንደር፣
ከአራት ዓመት በፊት፣ እንደ ማገዶ ሸክም ጣሪያው ላይ ስደረድር።
ሦስት ወር ኮርስ ወስጄ፣ ሰርተፊኬቴን መስታወት አስገብቼ፣
"ጋዝ አይጮህም፣ አያጨስም" ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ።

ሰዉ ግን "ቡታጋዝ" አለው፤ ስም አወጣለት።
እማማ የሺመቤት ፖስታ ቤት ፌርማታ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩለት፤
"ወጥ የሚሠራበትን እሳት አናቱ ላይ ተሸክሞ
እኔን አብስሎ ሊያወርደኝ ነው እንዴ?" አሉ፤ ባጃጅ ጠሩ ደግሞ።

የቀረው ሰው ለመደው። ጠዋት ሲመጣ ኮቴው እንደ ድመት እግር፣
ነጭ ጋውን የለበሰች ነርስ ከጭስ ማውጫው ኋላ ስትሻገር
አፍንጫዋን አትሸፍንም ነበር።

ከዚያ ጋዙ ቀረ።
"መጣ" ይባላል፤ "መንገድ ላይ ነው"፤ "ደብዳቤ ተጽፏል"፤
መሙያ ጣቢያው በር ላይ ድመት ወልዳለች፤ ዘበኛው ያጫውታታል።
ስድስት ወር ቆመ። በጎማው ሥር ሣር አበበ፤
ከፖስታ ቤት የተነሳ የሰው ሰልፍ ፍራንኮ ድረስ ተሳበ።
አንድ ሰኞ አቶ መርዕድ ወረቀት ይዘው መጡ፤
"ወደ ናፍጣ ይለወጥ።"
አልተቀመጡም። ወጡ።

ኬሪያ፣ ልምምድ ላይ ያለችው ልጅ፣ ቁልፍ ታቀብለኛለች፤
"አሥራ ዘጠኝ" ስላት፣ ዓይኗን ጨፍና ታገኛለች።
ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ነጭ ናቸው፤ ጥላሸት አያውቁም፤
እንደ ወተት ጥርስ ጣሪያ ላይ ልወረውር አሰብኩ፤ እጄ ግን እሺ አላለኝም።
በጨርቅ ጠቀለልኳቸው።
በቦታቸው ኖዝል ገባ፤ ፖምፓው ታሰረ፤
ፒስቶኑ ተለወጠ፤ የእመቃው ልክ ጨመረ።

"ካንዴላ ከሌለ" አለች ኬሪያ፣ "ማን ይለኩሰዋል?"
"ማንም። አየሩን ጨምቀሽ፣ ጨምቀሽ፣ መሄጃ ስታሳጪው ይግላል፤
ያን ጊዜ ናፍጣ ጠብ ሲል በራሱ ይቀጣጠላል።
ክብሪት የለም። መጨናነቁ ነው እሳቱ።"
ዝም አለች። በበሩ ክፍተት ሰልፉ ይታያል፤ ትከሻ ለትከሻ፣
አንዱ ከነዘንቢሉ፣ አንዱ ከነአሮጊት እናቱ።
"አሁን ገባኝ" አለች፣ ወደኔ ሳትዞር።

ሲሊንደሮቹ ወረዱ። ስድስት ባዶ፣ ግቢው ጥግ ተጋደሙ።
ጣሪያው ላይ የተዉትን ቀዳዳ በላሜራ ደፍኛለሁ፤
ግን በመጀመሪያው ዝናብ እንደሚያንጠባጥቡ አውቃለሁ።
ሾፌሩ ቱፋ ሳቀ፤ "ጃንጥላ ይዤ እነዳለሁ።"

ሐሙስ ጠዋት ቁልፉን አዞረ።
አንኳኳ፤ አጓራ፤ ተንዘፈዘፈ፤ ጥቁሩን ተፋ፤
ጋራዡ ጨለመ፤ ኬሪያ አጠገቤ ቆማ ጠፋች፣ መልኳ ጠፋ።
አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ውሸት አልናገርም፤
ሄዷላ! የቆመ ንጹሕ ከሚሄድ ቆሻሻ አይሻልም።
ወይስ ይሻላል? አላውቅም።
ተራራው ላይ እነዚያ ነጭ ክንፎች በነፋሱ ይዞራሉ፤
ጭሳችን ወደነሱ ሲሄድ፣ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

እማማ የሺመቤት ተሳፈሩ፤ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣሉ፤
"ያ ቡታጋዝ ይሻል ነበር፤ ሽታ እንኳ የለው" አሉ።

አንዷን ሲሊንደር ኬሪያ ውኃ ሞላቻት፤ ሦስት ቀን አሳደረቻት፤
ከወገቧ ቆርጣ፣ በሰንሰለት ከግራሩ አንጠለጠለቻት።
ምሳ ሰዓት ሲደርስ በአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቁልፍ ትመታታለች፤
ያቺ አራት ዓመት ሙሉ አንዴ ያልጮኸች
እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ትሰማለች።